ልጅ በጠፋ ሰዓት ከሄሊኮፕተሩ የሚቀድመው

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ በቪክቶሪያ ገጠር ሥራ አግኝቶ ከሜልበርን ወደ አንድ የእርሻ ቤት ልንዛወር ነው። ከግቢው ጀርባ ዓይን እስከሚደርስ ጥሻ ነው። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ዓይኔን ዘወር ካደረግኩ አይገኝም። በአውስትራሊያ ገጠር የጠፋ ሕፃን ዜና በሰማሁ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። ሄሊኮፕተር፣ ድሮን፣ ውሻ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያለ አንድ ሕፃን በእግሩ የት ሊደርስ ነው የሚታጣው? እኔንስ ቢገጥመኝ መጀመሪያ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ በገጠር ፍለጋ በበጎ ፈቃደኝነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን አዳዲስ ፈላጊዎችን አሠለጥናለሁ። «የት ሊደርስ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከብዙ እናትና አባት አፍ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

የአራት ዓመት ልጅ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል እንበል። ወዴት እንደሄደ ግን አናውቅም። ስለዚህ የምንፈልገው በአንድ መንገድ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ክብ ሁሉ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጁ ሊገኝበት የሚችለው መሬት 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ በሁለት ሰዓት 50 ካሬ ኪሎ ሜትር። ሰዓቱ እጥፍ ሲሆን መሬቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። አሁን ደግሞ አንድ ፈላጊን አስቢ። ጥሻ ውስጥ አሥር ሜትር ስፋት እያየ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በሰዓት የሚፈትሸው አንድ ሄክታር ነው። መቶ ሰው ተሰልፎ የመጀመሪያውን ክብ ለመጨረስ ከ12 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ሁለተኛውን ለመጨረስ 50 ሰዓት። ያ መቶ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ሰዓት የለም። ያለሽው አንቺ ነሽ፣ ባለቤትሽ፣ ምናልባትም አንድ ጎረቤት።

ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ ብዬ አይደለም፤ ደቂቃ ምን ያህል መሬት እንደሚገዛ እንድታይው ነው። ደግነቱ ትንንሽ ልጆች ክቡ ጫፍ ድረስ የሚሄዱት ጥቂት ጊዜ ነው። ዶሮ ይከተላሉ፣ ውሻ ይከተላሉ፣ ይደክማቸዋል፣ ይተኛሉ። አብዛኞቹ የሚገኙት ከጠፉበት ቦታ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ርቀት ነው። በሴፕቴምበር 2021 በኒው ሳውዝ ዌልስ ሀንተር አካባቢ አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ከቤቱ ጠፍቶ ሦስት ሌሊት ጫካ አደረ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ፈለገው። በአራተኛው ቀን የፖሊስ ሄሊኮፕተር ልጁን ጅረት ውስጥ ተቀምጦ በእጁ ውኃ ሲጠጣ አየው። የተገኘበት ቦታ ከቤቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር።

ግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ልጅ እንዴት ሦስት ቀን ይታጣል? ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ስላለ ረዘም አድርጌ ላስረዳሽ።

ከሰማይ የሚያይ ሰው የሚያየው የዛፉን አናት ነው። ከሥሩ የተኛውን ልጅ አያይም። ሙቀት የሚለይ ካሜራ የሰውን አካል የሚያሳየው ከዙሪያው መሬት ሞቅ ብሎ ሲገኝ ነው። በበጋ ቀን አፈሩና ድንጋዩ ከሰው ገላ እኩል ይግላል፤ አንዳንዴም ይበልጣል፤ ያኔ ልጁ ከመሬቱ ጋር አንድ ይሆናል። ለዚህ ነው አብራሪዎች ሌሊቱን፣ በተለይም ጎህ ከመቅደዱ በፊት ያለውን ሰዓት የሚመርጡት። በዚያ ሰዓት ደግሞ ካንጋሩው፣ በጉ፣ ፍየሉ ሁሉ ትኩስ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ቅጠል ከከለለው ካሜራው ምንም አያይም። ለውሻም ቢሆን ሙቀትና ደረቅ ነፋስ ሽታውን ቶሎ ያጠፉበታል። መሣሪያው ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፤ የሀንተሩን ልጅ ያገኘው ሄሊኮፕተር ነው። ግን እንደ አስማት መታየት የለበትም።

ሁለተኛው ነገር «ተፈትሿል» የሚለው ቃል ነው። እኛ ዘንድ ይህ ቃል «የለም» ማለት አይደለም። ጥሩ ቡድን አንድን ቦታ ፈትሾ፣ ልጁ እዚያ ቢኖር ኖሮ ከመቶ ሰባ ያህል እድል ያገኘው ነበር እንላለን። ከመቶ ሠላሳው ይቀራል። ሌላ ቡድን ሲደግመው የመታጣቱ እድል ወደ ዘጠኝ ይወርዳል፤ ዜሮ ግን አይሆንም። ስለዚህ ቤተሰብ «ያን ቦታ ትናንት አይታችሁት የለም ወይ፣ ለምን ወደ ሩቅ አትሄዱም?» ብሎ ሲቆጣ እንረዳዋለን፤ ግን ወደ ቅርቡ እንመለሳለን።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ልጁ ራሱ ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው «ጠፍቻለሁ» የሚል አሳብ ገና የለውም። የአራትና የአምስት ዓመቱ መጥፋቱን ያውቃል፤ ግን ይፈራል፣ እቆጣለሁ ብሎ ይሰጋል፣ ይሸሸጋል። ፈላጊ ስሙን እየጠራ በአጠገቡ ሲያልፍ ትንፋሹን ውጦ ዝም ያለ ልጅ በዚህ ሥራ ውስጥ የተለመደ ነው። ሲደክመው ደግሞ ትልቅ ሰው ይገባበታል ብሎ ወደማያስበው ቀዳዳ ይገባል። በ1867 ክረምት በቪክቶሪያ ዴይልስፎርድ ከሰባት ዓመት የማይበልጡ ሦስት ወንዶች ልጆች ጠፍተው ከሁለት ወር በላይ አለፈ። በመጨረሻ አንድ ውሻ ጫማ ይዞ ሲመጣ አፅማቸው ተገኘ። ያረፉበት ውስጡ ባዶ የሆነ ትልቅ ዛፍ ነበር። ብርዱን ሸሽተው ነው የገቡት። ስለዚህ ልጅ ሲፈለግ ተንበርክኮ ነው፤ በአንቺ ቁመት ሳይሆን በእሱ ቁመት።

እዚህ ላይ የእኛን ቤት የሚመለከት ነገር ልጨምር። ልጅሽ በፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም ያውቀዋል? ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ማሙሽ፣ ቡቹ፣ አባዬ እያልን ነው የምንጠራው። ፖሊሱ የወረቀት ስሙን በእንግሊዝኛ ቅላፄ ሲጮኽ ልጁ የማን ስም እንደሚጠራ ላያውቅ ይችላል። የቤት ስሙን ለፈላጊዎች ንገሪያቸው፤ አጠራሩንም አስለምጃቸው። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ያንቺ ድምፅ ነው። በአማርኛ፣ በተለመደው ለዛሽ፣ «ና የኔ ጌታ፣ እማማ አልተቆጣችም፣ እራት ደርሷል» ብለሽ በስልክ ቅጂው፤ በድምፅ ማጉያ ያሰሙታል። እያለቀስሽ አትቅጂው፤ ልጅ የእናቱን ለቅሶ ሲሰማ ጥፋት የሠራ ይመስለዋል።

ሌላም አለ። «አርፈህ ካልተቀመጥክ ጅቡ ይበላሃል»፣ «ፖሊስ ጠርቼ አስወስድሃለሁ» ስንል አድገናል፤ እኛም እንላለን። የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ፊቱን የማያውቀው ሰው በባትሪ ጥሻ ለጥሻ ሲመጣ ይህን ሲሰማ የኖረ ልጅ ምን እንደሚያስብ ገምቺ። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ማስፈራሪያ ተዪ። ብርቱካናማ ልብስ የለበሱት፣ እዚህ ኤስ.ኢ.ኤስ የምንላቸው የድንገተኛ አደጋ በጎ ፈቃደኞች፣ ወደ እማማ የሚመልሱ ሰዎች እንደሆኑ አስተምሪው። ከተማ ውስጥ የበዓል ቀን ሲቆሙ ካየሻቸው ውሰጂውና ሰላም ይበላቸው።

ስለ ዱካም ላንሳ፤ በግሌ ከሁሉ የምወደው ክፍል ነው። በኦገስት 1864 በዊመራ፣ ያው በቪክቶሪያ፣ ሦስት ልጆች ለመጥረጊያ የሚሆን ቅጠል ሊያመጡ ወጥተው ጠፉ። አይዛክ ዘጠኝ፣ እህቱ ጄን ሰባት፣ ትንሹ ፍራንክ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ፈረሰኛ ሰፈሩን አሰሰ፤ ዝናብ ዱካውን አጠበው፤ ተስፋ ተቆረጠ። ከሳምንት ገደማ በኋላ አባትየው የአቦርጂናል ዱካ አንባቢዎችን አስመጣ፤ ዲክ ኤ ዲክ፣ ጄሪና ፍሬድ ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች የተሰበረ ቅርንጫፍና የተገለበጠ ሣር እያዩ ዱካውን ይዘው፣ ትንሹን ልጅ የት ቦታ ላይ እንደተሸከሙትና የት ቦታ ላይ እንዳወረዱት ከመሬቱ እያነበቡ ተከተሉ። በዘጠነኛው ቀን ሦስቱንም በሕይወት አገኟቸው። ጄን ቀሚሷን አውልቃ ትንሹን ጠቅልላው ነበር። ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሄደዋል። ዲክ ኤ ዲክ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ ወደ እንግሊዝ ከተጓዘው የአቦርጂናል ክሪኬት ቡድን አንዱ ሆነ። ጄን ደግሞ እስከ 1932 ኖራለች።

ሁለት ነገር ከዚህ ይወሰዳል። አንደኛ፣ ትልቅ ልጅ ካለበት ርቀቱ ሌላ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መንገዱን ላገኝ ብሎ ይራመዳል፣ ትንንሾቹን ያስከትላል። ሁለተኛ፣ ዱካ አንባቢዎቹ የተጠሩት በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ያን ሁሉ ሌሊት ባላሳለፉ ነበር። መሬት ትናገራለች፣ ግን ካልተረገጠች ነው። አያቴ የጠፋች በቅሎ ሲፈልግ አብሬው ስወጣ መጀመሪያ የሚለኝ «ከኋላዬ ሁን፣ ኮቴዋን እንዳትረግጥብኝ» ነበር። እዚህ አገር ሠልጥኜ ከተማርኩት ሁሉ ያን ያህል የጠቀመኝ የለም።

ለዚህ ነው ስለ እሪታ የምሰጋው። አገር ቤት ልጅ ሲጠፋ ኡኡ ይባላል፤ ሰው ማዕዱን ትቶ ይነሳል፤ በየአቅጣጫው ይበተናል። ፍቅሩ ትልቅ ነው፤ እኔም በዚያ ፍቅር ነው ያደግኩት። ግን ሃምሳ ሰው በሃያ ደቂቃ ውስጥ የልጁን እግር አሻራ ሁሉ ይደመስሰዋል፤ የልጁን ሽታም ከሌላ ሰው ሽታ ጋር ያደባልቀዋል። ከሜልበርን ወዳጅ ዘመድ መኪና ሞልቶ ሲመጣልሽ ለእያንዳንዱ ሰው ሥራ ስጪው፤ ወደ ጥሻው ግን የፍለጋው ኃላፊ ሳይፈቅድ ማንም አይግባ።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ሰዓት እንዲህ ያዢው። ልጁ እንደሌለ ባወቅሽ ቅጽበት መጀመሪያ ውኃ ወዳለበት ሩጪ። ገጠር ላይ ከሁሉ የሚያሰጋው የእርሻው ኩሬ ነው፤ እዚህ ዳም የሚሉት። በአውስትራሊያ እርሻዎች ትንንሽ ልጆችን በብዛት የገደለው እሱ ነው። የከብት ማጠጫውን ገንዳ፣ ታንከሩን፣ ጉድጓዱን እዪ። ባለቤትሽ በዚያው ጊዜ ቤቱን ይፈትሽ፦ አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን፣ የልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ የማይሠራ ፍሪጅ፣ የመኪናው ኋላ፣ የውሻው ቤት። አሥር ደቂቃ ካለፈ 000 ደውይ። «24 ሰዓት መጠበቅ አለበት» የሚለውን ወሬ የሚነግርሽ ሰው ተሳስቷል፤ ለሕፃን የሚጠበቅ አንዲት ሰዓት የለም። እንግሊዝኛው ከደነገጥሽበት «ፖሊስ» በይ፣ ከዚያ «አምሃሪክ» በይና ስልኩን ሳትዘጊ ጠብቂ፤ አስተርጓሚ ያገናኙሻል። ቤቱ ስልክ የማይይዝ አካባቢ ከሆነ ከመዛወራችሁ በፊት የት ቦታ ላይ እንደሚይዝ ተራምደሽ እወቂ። በሩ ላይ ያለውን የገጠር አድራሻ ቁጥርም ማቀዝቀዣሽ ላይ ለጥፊው።

ከደወልሽ በኋላ ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ በወንበር ወይም በልብስ ምልክት አድርጊና ማንም እንዳይጠጋው አድርጊ። ትራሱን ወይም ያልታጠበ ልብሱን ሌላ ሰው ሳይነካው በንጹሕ ከረጢት አስቀምጪ፤ ለውሻው ነው። አንድ ትልቅ ሰው ቤት ይቅር፤ ልጆች በራሳቸው ጊዜ ተመልሰው ባዶ ቤት አግኝተው እንደገና ወጥተው ያውቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ፖሊስ ሲመጣ የሚጠይቅሽ የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ ነው በዓይንሽ ያየሽው?» ይሆናል። ከዚህ መልስ የሚበልጥ መሣሪያ በፍለጋው ውስጥ የለም። ያን ክብ የሚያሰላው እሱ ነው። እናቶች ግን እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። አንድ ጊዜ በተሳተፍኩበት ፍለጋ እናትየው «አሁን ነው፣ አምስት ደቂቃ አይሆንም» ብላ ነበር። ከሰዓታት በኋላ አንዲት ሴት ጎረቤት አቅፋ ስታረጋጋት፣ እናትየው ስልክ እያወራች ሳለች አርባ ደቂቃ እንዳለፈባት ነገረቻት። ዋሽታ አይደለም። እንዲህ ያለች እናት ነች ይሉኛል ብላ ፈርታ ነው። እኛ ያን ጊዜ ሁሉ የፈለግነው ትንሹን ክብ ነበር። ልጅቷ ከዚያ ውጪ በአንድ አጥር ሥር ተኝታ በሕይወት ተገኘች፤ ግን ያን ሌሊት ዝናብ ቢጥል ኖሮ ብዬ አሁንም አስባለሁ።

እህቴ፣ ስልክ ላይ ነበርሽ? ተኝተሽ ነበር? ከባለቤትሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር? ተናገሪው። ፈላጊው የሚፈልገው ሰዓቱን ነው፤ የሚፈርድብሽ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ የለም። በግምት አትናገሪ፤ ስልክሽን ክፈቺ። የመጨረሻው ጥሪ ስንት ሰዓት ላይ ነበር? ፎቶ አንስተሽው ነበር? እዚያ ላይ ደቂቃው ተጽፏል። ደግሞ በእኛ አቆጣጠር እንዳትነግሪያቸው። ደንግጠሽ «አሥር ሰዓት ላይ» ብትዪ፣ አስተርጓሚውም እንዳለ ቢተረጉመው፣ ፖሊሱ የሚጽፈው ረፋዱን ነው፤ አንቺ ያልሽው ግን ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት የሚሉትን ነው። ስድስት ሰዓት ልዩነት! ይህን ስህተት ራሴ በጆሮዬ ሰምቼ አርሜዋለሁ።

ፖሊስ ከፍለጋው ጎን ለጎን ቤተሰቡን ለየብቻ ይጠይቃል፣ ቤቱንም ይፈትሻል፣ ስልክም ሊወስድ ይችላል። ብዙ የእኛ ሰዎች ይህን እንደ ክስ ቆጥረው ይቆስላሉ። የልጅ መጥፋት ሲመረመር ሁልጊዜ የሚደረግ ነው። ልጁ ጥሻው ውስጥ ከሌለ ሌላ ቦታ ነው፤ ያን ማወቅ ያለባቸው በመጀመሪያው ቀን ነው። በዚህ መካከል የማኅበረሰቡ ወሬ ይነሳል፣ የማያውቁሽ ሰዎች በቪዲዮ ይፈርዱብሻል። አንድ የምታምኚውን ሰው ቃል አቀባይ አድርጊና ስልኩን ለእሱ ስጪው።

ፍለጋው ለምን ይቆማል? ይህን በዜና ስትሰሚ ልብሽ እንደሚደማ አውቃለሁ። ሐኪሞች ሙቀቱን፣ የሌሊቱን ብርድ፣ የለበሰውን ልብስ፣ በአካባቢው ውኃ መኖር አለመኖሩን፣ የልጁን ጤና አይተው እስከ ስንት ጊዜ ሊኖር እንደሚችል ይገምታሉ። የሕፃን ገላ ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ስለሆነ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል። ፍለጋው ብዙ ጊዜ ከግምቱ አልፎ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ዓላማው ይለወጣል፤ ሕይወት ለማትረፍ ሳይሆን ልጁን ለቤተሰቡ ለመመለስ ይሆናል፣ ሰውም ይቀንሳል። በዚያ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚወጣው።

ወደ ልጅሽ ልመለስ። በ1981 በካሊፎርኒያ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠፍቶ ከሞተ በኋላ ፈላጊዎች ለልጆች አንድ ትምህርት አዘጋጁ፤ እኔም የማስተምረው ይህንኑ ነው። ልጁ መጥፋቱን ሲያውቅ አንድ ዛፍ ይቀፍ፤ ከእሱ አይለይ። «ይህ ዛፍ ጓደኛህ ነው፣ እማማ እስክትመጣ አብረኸው ሁን» በዪው። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥዪለት፤ ሦስት ጊዜ መንፋት ጨዋታ አድርገሽ አስለምጂው። ደማቅ ቀለም አልብሺው፤ ቡናማና አረንጓዴ ልብስ ጥሻው ይውጠዋል። የአራት ዓመት ልጅ አንድ ጊዜ ተነግሮት አይይዝም፤ በየሳምንቱ ግቢው ውስጥ ድብብቆሽ እየተጫወታችሁ ዛፉን ይምረጥ፣ ይቀፍ፣ አንቺ ፈልገሽ አግኚው፣ ሳሚው።

ዛሬ ማታ ደግሞ አንድ ነገር አድርጊ። ምግብ የምትሸፍኚበትን ፎይል ወፍራም ፎጣ ላይ ዘርጊና በሚያዘወትረው ጫማ ይርገጠው። የጫማው ሶል ቅርጽ በግልጽ ይወጣል። ስሙን፣ የቤት ስሙን፣ ቀኑንና የጫማውን ቁጥር ጽፈሽ በፖስታ አስቀምጪው። ጫማ በቀየረ ቁጥር ድገሚው። ከተዛወራችሁ በኋላ ፖስታው በበሩ አጠገብ፣ ማንም ሊያገኘው በሚችል ቦታ ይሁን።